ሁለተኛው በር

ታናሽ ወንድሟ ለአራተኛ ጊዜ ከብስክሌቱ ወረደ። ቀጮ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣ፣ አንድ እግሯን መሬት አስረግጣ፣ አሁን ደግሞ ምን እንዳገኘ ጠየቀችው። ጥንዚዛ ነው አላት። ጥንዚዛው መንገዱን እያቋረጠ ስለሆነ፣ በጎማው እንዳይድጠው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጥንዚዛውም የሚቸኩል ዓይነት አልነበረም።

«በጎኑ እለፈዋ» አለችው።

«ቢደነግጥስ?»

ቀጮ ወደ ፊት አየች። አባትና እናታቸው ከፊት አንዱን ጉብታ አልፈው ከዓይን ተሰውረዋል። የትንሽ እህታቸው የሚጢ ዘፈን ብቻ ከነፋሱ ጋር እየተቆራረጠ ይሰማል።

ቀጮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት ባለፈው ዓመት ቁመቷ ድንገት ሲመዘዝና ሥጋው አልከተልም ሲላት ነው። ሰባት ዓመት የሆነው ወንድሟ ኤሊ ይባላል፤ ለምን እንደተባለ የማይገባው አብሮት ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሁሉም ትንሽ ሚጢ ናት። ሦስት ዓመቷ ሲሆን ከእናቷ ብስክሌት ኋላ በተገጠመ የልጅ ወንበር ላይ ታስራ፣ ደስ ሲላት ትዘፍናለች፣ ሲበርዳት ታለቅሳለች። እናታቸው ስለ ኤሊ በተነሳ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ትወዳለች። አባታቸው ደግሞ ይሄኛው እንቁላል እግር ከማውጣቱ በፊት እንደሚመሽ ይናገራል።

አባታቸው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከዓመታት በፊት ለምሳ ከቆሙበት ሲነሳ «ሁሉም ገብቷል?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንድ ተሳፋሪ «ገብቷል፣ ንዳው» አለው፤ እሱም ነዳ። አንዲት አሮጊት ምግብ ቤቱ ውስጥ እጃቸውን እየታጠቡ ቀርተው ነበር። ሃያ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። አልተቆጡትም፤ እንደምትመለስ አውቄ ነበር ብቻ ነው ያሉት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው መኖሩን በራሱ አፍ ካልተናገረ አያምንም።

ስለዚህ ቤተሰቡ ከቤት ሲወጣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። አባት አንድ፣ እናት ሁለት፣ ሚጢ ሦስት፣ ኤሊ አራት፣ ቀጮ አምስት። አባት «ቆጠራ!» ብሎ ሲጣራ ሁሉም የራሱን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል። ገበያ ሲሄዱም ያው ነው። ቀጮ ያን ጊዜ የክፍሏ ልጅ በአጠገባቸው እንዳያልፍ ስትጸልይ ነው የምትውለው።

በሰልፉ መጨረሻ የሚነዳው ሰው ደግሞ «ጅራት» ይባላል። ጅራት ማንንም አይቀድምም፤ ሰልፉ ያለፈበትን በርም የሚዘጋው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ጅራቷ እናታቸው ነበረች። ሰሞኑን ግን ጉልበቷን ስላመማት፣ ሚጢንም ስለተሸከመች፣ ከባሏ ኋላ ሆና በቀስታ እንድትነዳ ተወሰነ። ትናንት አባቷ ኮሪደሩ ላይ ብስክሌቶቹን ገልብጦ ካቴናቸውን ዘይት ሲቀባ ቀጮን ጠራትና፣ ነገ ጅራት አንቺ ነሽ አላት። አውቶቡሱን የሚያስረክባት ነበር የሚመስለው። በጣም ደስ አላት። ጅራት መሆን ማለት ቀኑን ሙሉ ከኤሊ ኋላ መንዳት ማለት እንደሆነ የገባት ዛሬ ጠዋት ነው።

ለኤሊም ቀኑ ቀላል ቀን አልነበረም። እስካለፈው ወር ድረስ ብስክሌቱ በአንድ ብረት ከአባቱ ብስክሌት ኋላ እየተቀጠለ ነበር የሚጎተተው። የሰፈር ልጆች ይህን አይተው «ተሳቢ» ይሉት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ግቢ ውስጥ እየዞረ ተለማምዶ፣ ወድቆ፣ ክርኑን ልጦ፣ በመጨረሻ ብረቱ ተፈታለት። ዛሬ ማንም ሳይጎትተው ራሱን ችሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ጥንዚዛው አለፈ። ኤሊ ወደ ኮርቻው ተመለሰ።

ደጋው ገላጣ ነው። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። እስከ አድማስ ድረስ ጉጥ ጉጥ ያለ ሣርና ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ነው፤ በመካከሉ አንድ ቀጭን የአፈር መንገድ ይጥመዘመዛል። ነፋሱን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ አይቆምም። በግ አርቢዎች መሬቱን በሽቦ አጥር ከፋፍለውታል። አጥሩ መንገዱን በሚያቋርጥበት ሁሉ የብረት በር አለ፤ በሩ ላይ «እባክዎ ይዝጉ» የሚል የተላላጠ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያውን በር ቀጮ ራሷ ዘግታ፣ መዝጊያውን ሁለቴ ነቅንቃ ነው ያለፈችው።

ሁለተኛው በር የደጋው ጫፍ ላይ ነው። ቀጮ ሳምንቱን ሙሉ ስታስበው የነበረው ከበሩ በኋላ ያለውን ነው። አባቷ እንደነገራት፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ፔዳል መምታት አያስፈልግም፣ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ዝም ብሎ መፍሰስ ነው። ከድልድዩ ማዶ የድንጋይ ጎጆ አለች፤ ምሳ የሚበላው እዚያ ነው። ኤሊ ደግሞ ቁልቁለት ሲያይ ሁለቱንም ፍሬን እስኪጮህ የሚይዝ ልጅ ነው። ከእሱ ኋላ ሆኖ ቁልቁለት መውረድ ኬክ በመስኮት እንደማየት ነው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ወላጆቻቸው አልነበሩም። ሚጢን ብርድ ስለጀመራት አባት ከሩቅ እጁን አውለብልቦ፣ ቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጥቷቸው ወርዷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በአንድ ጎኑ ያዘነበለ ከባድ በር ነው፤ ለመዝጋት በትከሻ ከፍ አድርጎ መግፋት ይፈልጋል። ቀጮ በሩን አየች። ቀጥላ ቁልቁለቱን አየች። መንገዱ ደረቅና ባዶ ነበር።

«ጅራት መሆን ትፈልጋለህ?» አለችው ኤሊን።

ኤሊ ተንኮሉን ፊቷ ላይ ፈለገ። «አባዬ ይፈቅዳል?»

«ለዚህ በር ብቻ። አባዬ እንዳይሰማ፤ ይሄ በእኔና ባንተ መሀል ነው። በሩን ዝጋና ተከተለኝ። ታች እጠብቅሃለሁ።»

ኤሊ ጓንቱን ወደ ላይ ሰበሰበ። ሹመት የተሰጠው ሰው እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም ብስክሌቱን አጥሩ ላይ በጥንቃቄ አስደገፈ። ቀጮ ይህን እንኳ እስኪጨርስ አልጠበቀችም።

ቁልቁለቱ የተባለውን ያህል ነበር፤ እንዲያውም ይበልጣል። ነፋሱ ጃኬቷን ነፋው። ዓይኗ አነባ። መሪው እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዮቹ ከጎማው ሥር እየተፈናጠሩ ይሄዳሉ። ፍሬን አልነካችም። ከሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ የማንም እህት አልነበረችም፤ ደስ ያላትም ለዚሁ ነው።

ጉሙ ከግራ በኩል መጣ። በአንድ ትልቅ አለት ዙሪያ መንገዱ ወደሚጠመዘዝበት ስትደርስ ከፊቷ ያለው ነገር ሁሉ ነጭ ሆነ። ቆመች። ወደ ኋላዋ ብትዞር የመጣችበትም ነጭ ነው። ያኔ ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የአባቷ ድምፅ መጣ።

«ቆጠራ! አንድ!»

«ሁለት» አለች እናቷ።

«ሦት!» ብላ ሚጢ ጮኸች።

ከዚያ ዝም። የአራት ተራ ነበር።

ቀጮ ወደ ላይ አየች። ኤሊ የለም፤ የፍሬኑም ጩኸት አይሰማም። ዝም ካለች የሚሆነውን ታውቀዋለች። አባቷ ብስክሌቱን አዙሮ ይወጣል፣ ጅራቷን ከወንድሟ ቀድማ ቆማ ያገኛታል፤ ጅራትነቱም እዚሁ አለት ሥር ያበቃል። ልጁ ደግሞ አሁኑኑ ይደርሳል። ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ነው። ለሁለት ደቂቃ ይሄን ሁሉ ጣጣ ማን ይጠራል? እራት ላይ የኤሊን ድምፅ ስታስመስል ቤቱ በሳቅ ነው የሚሞላው፤ ቀጭን ነው፣ ከአፍንጫ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ ይላል።

«አራት» አለች በእሱ ድምፅ። ትንፋሿን ሳትሰበስብ በራሷ ድምፅ «አምስት» አከለች።

ከታች ፊሽካ ተነፋ፤ ቀጥሉ ማለት ነው። ቀጮ ጠበቀች። እስከ መቶ ቆጠረች። ቀጥላ ሌላ መቶ ቆጠረች። ፊሽካው እንደገና፣ ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ ምን ሆናችሁ ማለት ነው። መንገዱ አንድ ነው፣ አይጠፋውም ብላ አሰበች። ፔዳሏን ረግጣ ወረደች።

ጎጆዋ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትንሽ መስኮት አለ። መስኮቱ በመስታወት ፋንታ ላስቲክ ተወጥሮበት በነፋሱ እየተነፋ ይረግባል። እርጥብ ሱፍ ይሸታል። እናቷ ሚጢን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፔርሙዝ ሻይ ትቀዳለች፤ ዳቦ በእንቁላል ወረቀት ላይ ተዘርግቷል። ቀጮ ስትገባ አባቷ ከኋላዋ ያለውን በር አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«አራተኛችንስ?»

«ከኋላዬ ነው» አለች።

ጅራት ኋላ የለውም። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። አባቷም ይህንኑ ሊል አፉን ሲከፍት ፈጥና ሌላ ደረበችበት፤ ከፊቷ ነበር፣ ከቆጠራው በኋላ አለቱ ጋ ጉሙ ውስጥ ጠፋባት፣ ቀድሟት የደረሰ መስሏት ነው። ውሸቱ ሳታቆመው ወጣ። ይበልጥ ያስደነገጣት ደግሞ የውሸቱ ልክ መሆን ነው፤ የትም ቦታ ቀዳዳ አልነበረበትም።

አባቷ አልጮኸም። ጃኬቱን እየለበሰ እንደ ሾፌር አሰበ። ልጁ አለቱ አካባቢ ቁጥሩን ብሏል፤ እዚህ ደግሞ አልደረሰም። ስለዚህ ያለው በአለቱና በጎጆዋ መካከል ነው። በመካከሉ ያለው ወንዙና ከድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው ረግረግ ነው። ረግረጉን ሲጠራ እናቷ ሚጢን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ሚጢ ጠበበኝ ብላ ተነጫነጨች።

ቀጮ ከአባቷ ጋር ወጣች። ከድልድዩ አጠገብ ጥቁር ውሃ የቋጠሩ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከድስት ክዳን አይሰፉም፣ አንዳንዶቹ አንድ ብስክሌት ከነነጂው ይውጣሉ። አባቷ የልጁን ስም እየጠራ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ቅጽል ስሙን አልነበረም የሚጠራው፤ ቤት ውስጥ ማንም የማይጠቀምበትን ዋናውን ስሙን ነው። አንዱ ጉድጓድ ዳር ሣሩ ተደፍጥጦ አየ። ተንበረከከ። እጅጌውን እንኳ ሳይሰበስብ ክንዱን እስከ ትከሻው ውሃው ውስጥ ከተተና ታችኛውን ጭቃ ዳበሰ። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚዳብሰው።

ቀጮ አጠገቡ ቆማለች። ተናገሪ አላት ልቧ። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ። ተናገረችም፤ ግን ግማሹን።

«አባዬ፣ ወደ በሩ ተመልሶ እንዳይሆን። ወደ ሁለተኛው በር። የሚወደው ነገር አይቶ ነበር... ጥንዚዛ።»

አባቷ ክንዱን አወጣ። ጥቁር ውሃ ከጣቶቹ ይንጠባጠባል። «ከቆጠራ በኋላ ተመልሶ?»

«ሊሆን ይችላል።»

ሌላ አልጠየቃትም። እዚሁ ድልድዩ ላይ ቁሚ፣ ከመጣ ያዢው ብሏት ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ጉሙ ወዲያው ሸፈነው። ቀጮ የድልድዩን እንጨት ይዛ ቆመች። ከእንጨቱ በታች ወንዙ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ጉሙ ገለጥ ሲል ማዶ ላይ ነጭ ነገር አየችና ጠራችው፤ በግ ነበር። በጉም አያት፣ ሣሩን መጋጥ ቀጠለ። ከልጁ ይልቅ ለራሷ ፈርታ እንደነበር እዚያ ላይ ሆና አመነች። አሁን ግን የምትፈራው ለእሱ ብቻ ነበር። ይኑር እንጂ ሌላው ቀላል ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያልፍ አልቀረም። ሁለት ሰዎች ብስክሌት እየገፉ ከጉሙ ወጡ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ቀጮ ድልድዩ ላይ ቁጭ አለች።

ኤሊ የትም አልሄደም ነበር። አባቱ ያገኘው እዚያው ሁለተኛው በር ጋ ነው፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይገፋል። በሩ አልዘጋ ብሎታል። ከፍ አድርጎ ለማንሳት ጉልበቱ አልደረሰም፤ እንዳይተወው ደግሞ ከማዶ በኩል በጎች ተሰብስበዋል። በር ከፍቶ መሄድ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ሰው እስኪመጣ በጀርባው ዘግቶት ቆመ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጓንቱ ውስጥ ያሉት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል።

ጎጆዋ ውስጥ እናቱ በራሷ ጃኬት ጠቀለለችው፤ እጁን በሁለት እጆቿ መካከል ይዛ አሸችው። ሻይ ጠጣ። አባቱ ሻይውን እስኪጨርስ ጠበቀ፤ ሰው ሲበርደው አይጠየቅም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ኩባያው ሲቀመጥ ግን ጠየቀ። ቁጥሩን ካለ በኋላ ለምን ወደ በሩ እንደተመለሰ፣ ሲመለስስ ለምን ለማንም እንዳልተናገረ።

«አልተመለስኩም» አለ ኤሊ። «እዚያው ነበርኩ።»

«ቆጠራ ስጠራስ?»

«አልሰማሁም።»

«አራት ብለሃል።»

«አላልኩም።»

አባቱ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ናት። አሥራ አንድ ዓመት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ አንዴ የሰማችውን ድምፅ እንደማትረሳ ቤተሰቡም መሥሪያ ቤቱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ከኤሊ ፊት በርከክ አለች።

«የኔ ጌታ፣ እኔም ሰምቼሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ድምፅህ ነው። አንተ ነህ ያልከው።»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ለስላሳ ነበር፣ ለዚያም ነው መልስ ያልነበረው። ኤሊ እናቱን አየ፣ ኩባያውን አየ፣ ተመልሶ እናቱን አየ። የጠፋ እርሳስ ቦርሳው ውስጥ እንደሚፈልግ ልጅ ራሱ ውስጥ ሲፈልግ ይታይ ነበር። የሚፈልገውን አላገኘም፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግን አለ እያሉት ነው።

«ምናልባት» አለ በመጨረሻ። «ብዬ ይሆናል። ረስቼው ይሆናል።»

አባቱ በረጅሙ ተነፈሰ። በርን መዝጋት የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቀው። የጅራት ነው አለ ኤሊ። ታዲያ አንተ ምን አገባህ ሲባል ቀጮን በዓይኑ ጠርዝ አየና ወዲያው ወደ ጫማው ተመለሰ። አልተናገረም። በእኔና ባንተ መሀል ነው ተብሏል፤ እዚያው መሀል ላይ ተወው።

አባቱ ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። መዘግየትን እችላለሁ አለ፤ አንድ ሰው ጥንዚዛ ለማሳለፍ ቢቆም አይከፋኝም። አለሁ ብሎ አለመኖርን ግን አልችልም፤ ገላጣ ደጋ ላይ ይህ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ ብረቱ ተመልሶ ይገጠማል። ኤሊ አላለቀሰም። «እሺ» አለ፣ ጃኬቱን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ። ሚጢ ብረቱ እንደሚገጠም ሰምታ ደስ አላት፤ ብረቱን ትወደዋለች፣ ያቃጭላል።

ቀጮ የነከሰችውን ዳቦ እንደያዘች ነበር። ነገሩን ጎማ እንደሚጫን ሰው ከየአቅጣጫው ጫን ጫን አድርጋ አየችው። የትም ቦታ አይተነፍስም። ማንም በጭራሽ አያውቅም። አይደለም ብሎ ሊከራከር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ተስማምቷል። ሦስት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲዞር፣ ሲወድቅ፣ ተነስቶ ሲወጣ በመስኮት አይታዋለች። ብረቱ ግን አይደለም በጣም የከበዳት። ልጁ ማመኑ ነው። ከእንግዲህ ኤሊ ያላለውን ነገር ብሎ የሚረሳ ልጅ መሆኑን እያመነ ያድጋል፤ ይህንን ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት። አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ዳቦውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ እሱ አይደለም አራት ያለው። እኔ ነኝ።»

አባቷ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጮ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። በሩን እሱ እንዲዘጋ ማዘዟን፣ ለአባዬ እንዳይነግር ማለቷን፣ ቁልቁለቱን ብቻዋን መውረዷን፣ ጉሙን፣ ድምፁን። ስለዚህ፣ ምክንያቱም፣ ብዬ ነው እንጂ የሚሉ ቃላት ምላሷ ጫፍ ድረስ እየመጡ ነበር። መለሰቻቸው። እናቷ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች፤ ከዚያ የት እንደምታደርገው እንዳላወቀች ሁሉ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ ተነስቶ ኤሊ ፊት ተንበረከከ።

«አላልኩም ስትለኝ አላመንኩህም» አለው። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

አባት ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ማንም አስተምሮት አያውቅም። ኤሊ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። አባቱ ሲነሳ አንደኛው እጅጌው ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ወደ ቀጮ ዞረ። እንደሚቆጣት፣ ብስክሌቷን ለወር እንደሚነጥቃት፣ ሁለተኛ ጅራት እንደማትሆን እንደሚነግራት ጠበቀች።

«ክንዴን ውሃ ውስጥ ከትቼ ስፈልገው» አላት፣ «አጠገቤ ቆመሽ ነበር።»

«አዎ» አለች።

አባቷ ጃኬቱን አውልቆ ደጅ ወጣና እጅጌውን ሲጨምቅ ሰሙት። እናቷ ኩባያዎቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ጅራት እሷ እንደምትሆን፣ ጉልበቷም እንደማያስቸግራት ለማንም ሳይሆን ለኩባያዎቹ ተናገረች። ስለ ብረቱ ማንም ዳግመኛ አላነሳም።

ኤሊ ከነተጠቀለለበት ጃኬት ከወንበሩ ወረደ። ጃኬቱ መሬት እየጠረገ መጥቶ ቀጮ አጠገብ ቆመ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። የሚጨርሰው ጉዳይ ያለው ሰው ነው የሚመስለው።

«ቀጮ» አላት በሹክሹክታ። «እኔ አራት አላልኩም አይደል?»

«አላልክም።»

«በሩ ጋ ነበርኩ።»

«በሩ ጋ ነበርክ» አለችው። «በሩን ይዘህ ነበር።»

ኤሊ አጠገቧ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና፣ ጣቶቹ መታጠፍ ስለጀመሩለት፣ ዳቦውን በሁለት እጁ አንስቶ መብላት ጀመረ።